ሾክና ቴስቲና ካስቀየራችሁ በኋላ የትኛው አላይመንት ያስፈልጋችኋል?

ባለፈው ክረምት የቪትዜን ሁለቱን የፊት ሾኮችና አንድ ቴስቲና (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን ጫፍ) አስቀየርኩ። ዕቃውን ሶማሌ ተራ ዞሬ የገዛሁት ራሴ ነኝ። መካኒኩ ጨርሶ እጁን ሲጠርግ «አላይመንት ያስፈልገዋል?» አልኩት፤ የጎማዎቹን አቅጣጫና ማዕዘን በልኩ ማስተካከል ማለቴ ነው። «አያስፈልገውም ወንድሜ፣ በዓይኔ አስተካክዬዋለሁ» አለኝ። አመንኩት። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ስወርድ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መሪው ግን ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ይለመዳል ብዬ ተውኩት።

ሦስት ወር ቆይቶ አንዱ ጎማ ተነፈሰና ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። ልጁ ጎማውን ፈትቶ ገለበጠልኝ። የውስጠኛው ጠርዝ ተልጦ ሽቦው ወጥቷል። ከውጭ በኩል ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ቆሞ ለሚያየው ሰው አዲስ ይመስላል። ሌላኛውን የፊት ጎማ ስናየው እሱም እንደዚያው። የአላይመንት ሂሳብ የአንድ ጎማ ዋጋ ጥቂቱ ነው። እኔ ሁለት ጎማ ገዛሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር የምመልሰው አንድ ነው፦ መጀመሪያ ምን እንደተፈታ እዩ፣ ከዚያ የትኛውን አላይመንት እንደምትገዙ ወስኑ። ለሁሉም መኪና ውዱን አላይመንት መግዛት አያስፈልግም። ለሁሉም ዕቃ አላይመንት ማሠራትም አያስፈልግም።

የተፈታው ዕቃ ምንድን ነው?

ቁም ነገሩ ዕቃው አዲስ መሆኑ አይደለም። ያ ዕቃ የጎማውን አቅጣጫ የሚይዝ ነው ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው።

ቴስቲና ላይ ክርክር የለም። ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያይበትን ልክ የሚወስነው የመሪው ዘንግና የቴስቲናው ርዝመት ነው። ጥሩ መካኒክ አሮጌውን ሲፈታ ስንት ዙር እንደዞረ ይቆጥራል፣ አዲሱንም በዚያው ልክ ያስገባል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ግን አላይመንት ቤት እስክትደርሱ ብቻ ነው የሚያገለግለው። የአዲሱ ቴስቲና ርዝመት ከአሮጌው ጋር በሚሊሜትር እኩል ላይሆን ይችላል።

ሾክ ላይ ግን ሰው ይሳሳታል። በቪትዝ፣ በያሪስ፣ በኮሮላና በሱዙኪ ዲዛየር የፊቱ ሾክ ንዝረት ማብረድ ብቻ አይደለም ሥራው። ሞላውን ተሸክሞ፣ ከታች በሁለት ቡሎን ጎማው ያለበትን ብረት ቀጥ አድርጎ የሚይዘውም እሱ ነው። በቡሎኑና በቀዳዳው መካከል ትንሽ ክፍተት አለ። ቡሎኑ ሲፈታና እንደገና ሲጠብቅ ጎማው በዚያች ክፍተት ልክ ሊጋደል ይችላል። ጎማው ሲጋደል ደግሞ የፊት አቅጣጫውም አብሮ ይዛባል። ስለዚህ የፊት ሾክ ከተቀየረ አላይመንት ግድ ነው። የዚያው የቪትዝ የኋላ ሾክ ቢቀየርስ? አያስፈልግም። የኋላውን ጎማ የሚይዘው ከሥር ያለው ብረት ነው፣ ሾኩ አይደለም። የሃይሉክስ የኋላ ሾክም እንዲሁ፤ እዚያ ጎማውን የሚይዙት ባሌስትራውና አክሱ ናቸው።

ኮንትሮል አርም የሚባለው፣ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ፣ ወይም የእሱ ቦኮላ (መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎማ መሰል ዕቃ) ከተቀየረም አላይመንት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ ሲበላሽ አይቻለሁ። የቦኮላው ቡሎን መጨረሻ መጥበቅ ያለበት መኪናው መሬት ላይ በጎማው ቆሞ ነው። በክሪክ ተሰቅሎ ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ጎማ መሰሉ ቦኮላ ይጠማዘዛል። እንደተጠማዘዘ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። አጠገቡ ቆማችሁ ከሆነ «መሬት ካወረድከው በኋላ አጥብቅልኝ» በሉት። የሚያስቀይም ነገር የለውም።

ሞላ ከተቀየረ፣ ወይም መኪናው ከፍ እንዲል ማሳደጊያ ከተጨመረበትም አላይመንት ያስፈልጋል። ኮረኮንችና የፍጥነት መቀነሻ ፈርተን ቪትዝ ከፍ የምናስደርግ ብዙ ነን። ከፍታው ሲቀየር የጎማው ማዕዘን ሁሉ ይቀየራል።

የስታቢላይዘር ሊንክ፣ ያ ኮረኮንች ላይ «ኳ ኳ» የሚለው፣ አላይመንት አይነካም። የፍሬን ሸራም አይነካም። ሊንክ ብቻ ቀይራችሁ «አላይመንትም ይሠራ» ካሏችሁ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። ኩሽኔታ ሲቀየር ደግሞ መካኒኩን ጠይቁ፦ ከሾኩ ጋር የሚያያዘውን ቡሎን ፈትተኸዋል? ከፈታው ያስፈልጋል።

ሦስቱ ምርጫዎች

የመጀመሪያው በዓይን ወይም በክር ነው። በዓይን የሚባለውን ተዉት፤ ግማሽ ዲግሪ በዓይን አይታይም። ክር ግን ሌላ ነው። ክሩን ከጎን በትክክል ወጥሮ በማስመሪያ የሚለካ ባለሙያ የፊት ጎማዎቹን አቅጣጫ በደንብ ሊያስተካክል ይችላል። ጎማው ወደ ጎን መጋደሉን ግን ክሩ ብቻውን አይነግረውም። ወረቀትም አይሰጣችሁም። ከአዲስ አበባ ውጭ ሆናችሁ ቴስቲና ከተሰበረባችሁ ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው። በቅሎ ቤት ወይም ተክለሃይማኖት አካባቢ ሆናችሁ፣ ማሽን ያለው ቤት እየቀረባችሁ ግን ለምን?

ሁለተኛው የፊት ሁለት ጎማ ብቻ የሚለካ ማሽን ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ጉድለቱ የኋላ ጎማዎች ወዴት እንደሚያዩ አለማወቁ ነው። የመኪናው የኋላ ብረት በግጭት ወይም ጉድጓድ ውስጥ በመግባት ትንሽ ከዞረ፣ ፊቱ ልክ ሆኖም መሪው ዘሞ ይቀራል።

ሦስተኛው አራቱንም ጎማ የሚለካው ነው፤ ሰዉ «ስሪዲ» የሚለው። በአራቱም ጎማ ላይ ሰሌዳ ይታሰራል፣ ከፊት ያሉት ካሜራዎች ሰሌዳዎቹን ያነባሉ። ሠራተኛው መኪናውን ትንሽ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህን ሳያደርግ መለካት ከጀመረ ጠይቁት፤ ማሽኑ የቸርኬውን መጣመም ከሂሳቡ የሚያወጣው በዚያ ግፊት ነው። የመኪናውን ሞዴልና ዓመት በትክክል መምረጡንም ስክሪኑ ላይ እዩ። በሌላ መኪና ልክ የተስተካከለ አላይመንት አረንጓዴ ቢያሳይም ትክክል አይደለም።

ለየትኛው መኪና የትኛው?

ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ዲዛየር ካላችሁ የኋላው አይስተካከልም፤ የሚዞር ቡሎን የለውም። ከፊትም ቢሆን በመደበኛነት የሚስተካከለው አቅጣጫው ብቻ ነው። ስለዚህ «የኋላውንም አስተካክለናል» ብሎ ተጨማሪ የሚያስከፍል ካለ አትክፈሉ። እኔ ግን ለእነዚህም ቢሆን አራቱን የሚለካውን እመርጣለሁ፣ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ። የኋላውን አይቶ ፊቱን ከእሱ ጋር ያስማማላችኋል። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነና መኪናው ግጭት ካላየ የፊቱ ብቻ ይበቃል።

ሃይሉክስ ሌላ ነው። ከፊት በኩል የጎማው ወደ ጎን መጋደሉም (ካምበር)፣ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዘንበሉም (ካስተር) የሚስተካከልባቸው ቡሎኖች አሉት። እነዚህ ቡሎኖች በጭቃና በዝገት ስለሚይዙ አንዳንድ ቤት አቅጣጫውን ብቻ ነክቶ ይሸኛችኋል። ከመክፈላችሁ በፊት «ካምበሩንና ካስተሩን ትነካላችሁ?» በሉ። ኋላው ባሌስትራ ነው፣ የሚስተካከል የለውም።

ራቭፎርና ቮልስዋገን አይዲ ፎር ከሆነ ያለ ጥርጥር አራቱም ጎማ። የኋላ ጎማዎቻቸው ለብቻቸው በክንዶች የተያዙ ናቸው፣ የሚስተካከሉም ናቸው። አይዲ ፎር ወደ 2,000 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ የቪትዝን እጥፍ ማለት ነው። በዚያ ክብደት የተዛባ ጎማ ቶሎ ያልቃል። ደግሞም የመሪውን መሃል የሚያነብ ሴንሰርና መስመር የሚያይ ካሜራ አለው። ከአላይመንት በኋላ እነዚህን በኮምፒውተር ዜሮ ማድረግ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ መሣሪያው ያለው ቤት ምረጡ።

ባላንስን ከዚህ ጋር አታምታቱት። ባላንስ ጎማው ላይ እርሳስ ተለጥፎ የሚስተካከል የክብደት ጉዳይ ነው፤ ችግሩ ፍጥነት ሲጨምር መሪው በመንቀጥቀጡ ይታወቃል። ጎማው ከቸርኬው ካልወጣና መሪው የማይንቀጠቀጥ ከሆነ አሁን አያስፈልጋችሁም።

ወረቀቱን ተቀበሉ

እኔ ኋላ ላይ አራቱን በሚለካው ማሽን አሠራሁ። ሠራተኛው ገና ከመጀመሩ በፊት ፊቱን በክሪክ አንስቶ ጎማውን በሁለት እጁ ነቀነቀ፣ ነፋሱንም ለካ። የላላ ቴስቲና ባለበት መኪና ላይ አላይመንት መሥራት በከንቱ ነውና ይህን የሚያደርግ ቤት ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ወረቀቱ ላይ «በፊት» በሚለው በኩል የፊት ጎማዎቼ ድምር 1 ዲግሪ ወደ ውጭ ተከፍቶ ነበር። እግሩን ወደ ውጭ ከፍቶ እንደሚሄድ ሰው። መኪናው ሲሄድ ሁለቱ ጎማዎች ይህን ይካፈሉታል፣ እያንዳንዱ ግማሽ ዲግሪ። ትንሽ ይመስላል። ግን ግማሽ ዲግሪ ማለት ጎማው በእያንዳንዱ ኪሎሜትር ወደ 9 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተጎተተ አስፋልቱን ይፈጫል ማለት ነው። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በተመላለስኩ ቁጥር ጎማዬን ስሞርደው ነበር።

ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንዱ ማሽን በዲግሪና በደቂቃ ይጽፋል። 0°30′ ማለት 0.30 አይደለም፣ ግማሽ ዲግሪ ነው። «በፊት» እና «በኋላ» ሁለቱም ከሌሉበት ያ ወረቀት ምንም አያሳያችሁም፤ ሁለቱንም ጠይቁ።

ከወጣችሁ በኋላ ሜዳ መንገድ ላይ ሞክሩት። የእኛ መንገድ ውሃ እንዲወርድ ወደ ዳር ስለሚያዘነብል፣ በቀኝ ጠርዝ ስትነዱ መኪናው በጥቂቱ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል አትደንግጡ። መሪው ራሱ ግን ቀጥ ማለት አለበት። ካልሆነ ያንኑ ቀን ተመለሱ። ስትመለሱም ቴስቲናው ላይ ያለው ማሰሪያ ዳዶ መጥበቁን አብራችሁ አሳዩ፣ ሲቸኩሉ የሚረሱት እሱን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ እጃችሁን ወደ ጎማው ውስጠኛ ጠርዝ አስገቡና ዳብሱት። በአንድ በኩል ለስላሳ፣ ሲመለስ እንደ መጋዝ የሚቆረቁር ከሆነ አቅጣጫው ገና ሳይስተካከል ቀርቶ ይሆናል።