ማፕ ድሪፍት ወይስ ፌዝ ግራዲየንት፦ ለደበዘዘ የሐዋሳ የራዳር ምስል

ሲንተቲክ አፐርቸር ራዳር፣ ማለትም እየበረረ የሰበሰባቸውን የሞገድ ምላሾች አጣምሮ ምስል የሚሠራ ራዳር፣ የጫነ አነስተኛ ሰው አልባ አውሮፕላን በሐዋሳ ላይ ይበራል እንበል። የሞገዱ ርዝመት 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ነፋስ አውሮፕላኑን ወደ ዒላማው 7.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢገፋውና መሣሪያው ባይመዘግበው፣ ሞገዱ ደርሶ መልስ ስለሚጓዝ የፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ የሚገኝበት ደረጃ) ስሕተቱ 180 ዲግሪ ይሆናል። ምስሉን ለማደብዘዝ ከበቂ በላይ ነው። ይህን ስሕተት ከራሱ ከራዳሩ መረጃ ገምተው የሚያርሙ ሁለት ዘዴዎችን እናወዳድር።

ማፕ ድሪፍት የበረራውን መረጃ ለሁለት ከፍሎ ከየግማሹ ምስል ይሠራል፤ በመካከላቸው ያለውን መዛነፍ ለክቶም እርማቱን ያወጣል። ፈጣን ነው። ሆኖም በዚህ መልኩ የሚይዘው በዝግታ የሚያድገውን ስሕተት ብቻ ነው፤ ንዝረት ያመልጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው ፌዝ ግራዲየንት ግን በየርቀት መስመሩ (ከበረራው መስመር እኩል የሚርቁ ነጥቦችን በያዘው የምስሉ መስመር) ደማቁን ነጥብ ይመርጣል፤ ወደ መሀል ያመጣዋል፤ ዙሪያውን ቆርጦ ይጥላል። ከዚያ የመስመሮቹን መረጃ አጣምሮ ፌዙ ከቅጽበት ወደ ቅጽበት እንዴት እንደተለወጠ ይገምታል፤ ምስሉ እስኪጠራም ይደጋግማል። የስሕተቱ ቅርጽ ምንም ይሁን አይጨነቅም። በእኩል ፍጥነት እያደገ ምስሉን ሳያደበዝዝ ወደ ጎን የሚያንሸራትተውን ስሕተት ግን አያርምም።

ለከተማው ያለማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የቤቶች ማዕዘንና የብረት አጥር ደማቅ ነጥብ አያሳጡትም። ደማቅ ነጥብ ለሌለው የእርሻ ማሳ ማፕ ድሪፍት ይሻላል። የረጋው ሐይቅ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንጸባርቅ ጥቁር ነው፤ እዚያ ሁለቱም የሚጨብጡት የላቸውም። በሐይቁ ላይ የምትጓዝ ጀልባ ከእርማቱም በኋላ ብትደበዝዝ ጥፋቱ የዘዴው አይደለም፤ ራሷ እየተንቀሳቀሰች ነው።