8 ዋት ወይስ 200? የቱቦ፣ የትራንዚስተርና የክላስ ዲ አምፕሊፋየሮች ንጽጽር

ውድ ስፒከር የገዛ ሰው አምፕሊፋየር ሲፈልግ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። መልሱ ግን ያለው በስፒከሩ መመሪያ ላይ ነው፤ ትብነቱ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው? ኢምፒዳንሱስ፣ ማለትም ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ እስከ ስንት ኦም ይወርዳል? እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሳይዙ አምፕሊፋየር ማማረጥ የእግርን ልክ ሳያውቁ ጫማ መግዛት ነው።

ትብነት ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት የሚያሰማው የድምፅ መጠን ነው። በሙዚቃ ውስጥ የከበሮ ምት ከአማካዩ ድምፅ በ20 ዴሲቤል ሊበልጥ ይችላል፤ 20 ዴሲቤል ደግሞ 100 እጥፍ ኃይል ማለት ነው። ስለዚህ 87 ዴሲቤል ትብነት ያለው ስፒከር በአማካይ 1 ዋት እየወሰደ ሲጫወት፣ ለዚያች ምት ብቻ 100 ዋት ይፈልጋል። ትብነቱ 97 ቢሆን ኖሮ ለዚያው ድምፅ 10 ዋት በበቃው ነበር። ከ100 ዋት ወደ 200 መውጣት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ዋጋው ግን በዚያ ልክ አይጨምርም፣ ይዘላል እንጂ።

በትራንዚስተር ፈንታ አየር በሌለው የመስታወት ቱቦ የሚሠራው የቱቦ አምፕሊፋየር ወዳጆች ከሁሉ አብልጠው የሚያወሱት ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀውን 300ቢ ቱቦ ነው። በአንድ ጎን አንድ ቱቦ ብቻ ሲሠራበት 8 ዋት ገደማ ይሰጣል። የሚጨምረው መዛባት በአብዛኛው ሁለተኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም ከዋናው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ በመሆኑ ጆሮን አይጎረብጥም፤ እንዲያውም ድምፁን ሞላ ያደርገዋል። እንደ ክሊፕሽሆርን ያለ ትብነቱ ከ100 ዴሲቤል የሚበልጥ ባለቀንድ ስፒከር ካላችሁ 8 ዋት ይተርፋችኋል። እኔ ግን 84 ዴሲቤል ከሆነ ትንሽ ስፒከር ጋር አገናኘሁት። ዘፋኟ ብቻዋን ስታዜም ክፍሉ ውስጥ የቆመች ትመስል ነበር፤ ባሱና ከበሮው ሲገቡ ግን ሁሉም ነገር ታፈነ። ለሁለት ወር ጥፋቱን በሽቦው ላይ እያላከክኩ ኖርኩ።

ኢምፒዳንሱ ለሚወርድ ስፒከር ትራንዚስተር ይሻላል። በመመሪያው ላይ «8 ኦም» የሚል ጽሑፍ አያታልላችሁ። የባወርስ ኤንድ ዊልኪንስ 801 ዲ4 እንኳ 8 ኦም ተብሎ ዝቅተኛው 3 ኦም ነው። ኦሙ ሲቀንስ አምፕሊፋየሩ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ማፍሰስ አለበት። ስለዚህ በ8 ኦም 100 ዋት የሚሰጥ የክላስ ኤቢ (የተለመደው ዓይነት የትራንዚስተር) አምፕሊፋየር በ4 ኦም ወደ 200 ከተጠጋ፣ የኃይል ምንጩ ጠንካራ ነው ማለት ነው። 120 ላይ ከቆመ እለፉት። ክላስ ኤ ደግሞ የትራንዚስተሩ ባላባት ነው፤ ሙዚቃ ባይኖርም ሙሉ ኤሌክትሪክ እየበላ ምድጃ ይመስል ይግላል። ድምፁን እወደዋለሁ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ግን አልመክረውም።

ክላስ ዲን፣ ማለትም ትራንዚስተሮቹን እጅግ በፍጥነት እያበራና እያጠፋ የሚሠራውን ዓይነት፣ ለረጅም ጊዜ ንቄው ነበር። የቀድሞዎቹ ቀጭን ድምፅ (ትሬብል) እንደ ስፒከሩ ኢምፒዳንስ ይለዋወጥባቸው ነበር፤ በመውጫቸው ላይ ያለው ማጣሪያ የሚወጣውን ከሚገባው ጋር እያነጻጸረ ስህተትን ከሚያርመው ዑደት ውጪ ስለሚቀር ነው። እንደ ሃይፔክስና ፑሪፋይ ያሉ የዛሬ ሠሪዎች ማጣሪያውን ወደ ዑደቱ አስገብተው መዛባቱን እጅግ ዝቅ አድርገውታል። ከሚወስደው ኤሌክትሪክ 90 በመቶ ገደማውን ለስፒከሩ ስለሚያደርስ አይግልም፣ ቦታም አይፈጅም። ትብነቱ ዝቅተኛ፣ ኦሙ አስቸጋሪ ለሆነ ስፒከር ዛሬ ገንዘቤን የማወጣው በእርሱ ላይ ነው። ቱቦ የሚሰጠውን ሙላት ግን አትጠብቁበት፤ የተቀረጸውን እንዳለ ያቀብላችኋል፣ መጥፎ ቅጂ ከሆነም እንደ መጥፎነቱ።

ሁለት አምፕሊፋየሮችን ጎን ለጎን ስትሰሙ መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። የአንድ ዴሲቤል ብልጫ ያለው ሁልጊዜ «ጥርት ያለ» ይመስላል፤ ሻጩም የትኛውን ከፍ እንደሚያደርግ ያውቃል። የሙከራ ድምፅ ከፍታችሁ በስፒከሩ መግቢያ ላይ ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ለኩ፤ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ንባብ ሲመጣ ያን ጊዜ አዳምጡ።