ለኒሳን 350ዚ ፍላይዊልና ፍሪሲዮን ስትገዙ፦ የቱ ይሻላል?

ያገለገለ ኒሳን 350ዚ የያዘ ሰው አንድ ቀን ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምርበታል። ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። የፍሪሲዮኑን ሸራ (ፍላይዊሉን የሚይዘውን ዲስክ) ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት። ካምቢዮ ከወረደ ደግሞ ፍላይዊሉንም፣ ማለትም ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት፣ አብሮ ማየት ነው፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ መክፈል ምን ያደርጋል?

ፋብሪካው የገጠመው ፍላይዊል ባለ ሁለት አካል ነው። ሁለቱ ክብ ብረቶች በሞላ ይገናኛሉ። ሞተሩ በየፍንዳታው የሚፈጥረውን ንዝረት ሞላዎቹ ስለሚውጡት ካምቢዮው ጸጥ ይላል። ክብደቱ ወደ 13 ኪሎ ይጠጋል። ችግሩ ሞላዎቹ ያረጃሉ። ሲያረጁ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ አያድነውም፤ ሙሉውን መቀየር ነው፣ አዲሱም ርካሽ አይደለም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ከአንድ ወጥ ብረት ወደተሠራውና ቀለል ወዳለው የሚያዘነብለው።

ቅለቱ ምን ይጠቅማል?

ቀላል ፍላይዊል የፈረስ ጉልበት አይጨምርም። ሞተሩ የራሱን ዙር ለመጨመር የሚያባክነውን ጉልበት ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በዝቅተኛ ማርሽ ነው።

ስሌቱን እንየው። የ350ዚ አንደኛ ማርሽ ጥምርታ 3.794 ነው፣ የዲፈረንሻሉ ደግሞ 3.538። ሁለቱ ሲባዙ ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ ከ13 ጊዜ በላይ ይዞራል። የፍላይዊሉ ክብደት መኪናውን የሚጎትተው በዚህ ቁጥር ካሬ ልክ ነው። ከፍላይዊሉ 6 ወይም 7 ኪሎ ብትቀንሱ፣ በአንደኛ ማርሽ ከመኪናው ላይ 100 ኪሎ ገደማ ያወረዳችሁ ያህል ይሰማችኋል። በሦስተኛ ማርሽ ይህ ወደ 20 ኪሎ ይወርዳል። በስድስተኛ 5 ኪሎ ገደማ ብቻ ይቀራል። አውራ ጎዳና ላይ በስድስተኛ ማርሽ የሚውል ሰው ለውጡን አያየውም ማለት ነው። ማርሽ ሲቀንሱ የሞተሩን ዙር በነዳጅ ቶሎ ከፍ ማድረግ የሚወድ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ይደሰትበታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሻጮች የሚነግሯችሁ ኪሎውን ብቻ ነው። ነገር ግን ክብደቱ ዳር ላይ ይሁን መሐል ላይ ትልቅ ልዩነት አለው። እኩል 7 ኪሎ ከሚመዝኑ ሁለት ፍላይዊሎች ዳሩ የተቀነሰው ይበልጥ ቀላል ሆኖ ይሠራል። የኢነርሺያ (ዙሩን ለመለወጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያሳይ) ቁጥር የሚሰጥ አምራች ካገኛችሁ ከኪሎው ይልቅ እሱን አወዳድሩ።

ብረት ወይስ አሉሚኒየም?

የክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብደነም የተቀላቀለበት) ብረት ፍላይዊል ለዚህ መኪና ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ነው። የአሉሚኒየሙ ከዚያም ይቀላል። አሉሚኒየም ራሱ የሸራውን ፍትጊያ ስለማይችል ፊቱ ላይ የብረት ሳህን በብሎን ይታሰርበታል። ሳህኑ ሲያልቅ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ይሄ ጥሩ ጎኑ ነው። ነገር ግን ዳገት ላይ ለመነሳት ወይም በተጨናነቀ መንገድ ላይ ለመንቀሳቀስ ብዙ ነዳጅ መስጠት ይጠይቃል። ቸል ካላችሁ ሞተሩ ይጠፋል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሆኖ በየማለዳው በዋሽንግተን ዙሪያ ባለው ቤልትዌይ ትራፊክ ውስጥ ለሚሳብ ሰው አሉሚኒየም አልመክርም። በውድድር ሜዳ ለሚነዳ መኪና ከሆነ ግን ያለማመንታት እሱን ነው የምለው።

የትኛውንም ብትመርጡ ድምፅ ይመጣል። ፍሪሲዮኑን ለቃችሁ በሚኒሞ ስትቆሙ ካምቢዮው ውስጥ ጥርሶቹ ሲንኳኩ ትሰማላችሁ። ፔዳሉን ስትረግጡ ይጠፋል። ብዙ ሰው ደንግጦ ወደ ጋራዥ ይመለሳል። የሚውጠው ሞላ ስለሌለ ነው እንጂ ካምቢዮው ተበላሽቶ አይደለም። ይህን ድምፅ የማትታገሱ ከሆነ ባለ ሁለት አካሉን በአዲስ ተኩት፤ የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም።

ስም የሌለው ርካሽ ፍላይዊል ግን አትግዙ። በ2007ና በ2008 ሞዴሎች ላይ ያለው የኤችአር ሞተር እስከ 7,500 ዙር በደቂቃ ይሄዳል። በዚያ ፍጥነት የሚሰነጠቅ ብረት ወለሉን ጥሶ እግር ድረስ ይደርሳል። ኤስኤፍአይ 1.1 የሚል የእሽቅድምድም ዕቃዎች ደህንነት ማረጋገጫ ያለውን ፈልጉ።

ሸራው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ስቴጅ 2» የሚል ጽሑፍ አይቶ ይገዛል። ስቴጅ የሚባለው ነገር በአምራቾች መካከል አንድ ወጥ ትርጉም የለውም። ኤክሰዲ በሚባለው አምራች ስቴጅ 1 ኦርጋኒክ ሸራ ነው፣ ስቴጅ 2 ደግሞ ሴራሜታሊክ (የሴራሚክና የብረት ቅልቅል)። ሌላው ጋ ስቴጅ 2 ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። የምታነቡት ሸራው ከምን እንደተሠራና ስንት ቶርክ (የሚያዞር ኃይል) እንደሚችል ነው።

ኦርጋኒክ ሸራ በለስላሳው ይይዛል፣ ከፋብሪካው ጋር የሚቀራረብ ስሜት አለው። ከመጠን በላይ ሲግል ግን ይንሸራተታል። ኬቭላር ዕድሜው ረጅም ነው፤ ማለማመዱን ግን በትዕግሥት ይፈልጋል። ሴራሚክ ሙቀትን ይችላል፤ ሲይዝ ግን ድንገት ነው፤ መኪናው ይዘላል፣ የፍላይዊሉንም ፊት ቶሎ ይበላል። የ2003ቱ 350ዚ 287 የፈረስ ጉልበትና 274 ፓውንድ-ፉት ቶርክ አለው። ሞተሩ ካልተነካ 350 ፓውንድ-ፉት አካባቢ የሚችል ኦርጋኒክ ሸራ ይበቃዋል። 500 የሚችል መግዛት የሚጨምርላችሁ የከበደ ፔዳል ነው፤ ጠንካራው ፕሬዠር ፕሌት (ሸራውን ፍላይዊሉ ላይ የሚጫነው ሳህን) ክራንክ ሻፍቱንም ይበልጥ ይገፋል። ቱርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር ለምታስገቡ ጉዳዩ ሌላ ነው።

አንድ ወጥ ፍላይዊል ከገዛችሁ ሸራው መሐሉ ላይ የግድ ሞላ ይኑረው። ሞላ የሌለው ሸራ ከአንድ ወጥ ፍላይዊል ጋር ሲጣመር ንዝረቱን በሙሉ ካምቢዮው ይቀበለዋል። ሁለቱን አንድ ላይ፣ ከአንድ አምራች መግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው።

የእኔ ምርጫ ለመንገድ መኪና ግልጽ ነው፦ ወደ 8 ኪሎ የሚጠጋ የክሮሞሊ ፍላይዊል፣ መሐሉ ላይ ሞላ ካለው ኦርጋኒክ ሸራ ጋር። የመኪናውን ቅልጥፍና ይጨምራል፣ ትራፊክም ውስጥ አያሰቃይም።

ስታዙ የሞተሩን ዓይነት ለሻጮቹ ንገሯቸው። እስከ 2006 ሞዴል ያለው ዲኢ ነው፣ የ2007ና የ2008ቱ ኤችአር። በኤችአር ላይ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው የዘይት ሲሊንደር ካምቢዮው ውስጥ ነው ያለው፤ ካፈሰሰ እንደገና ካምቢዮ ማውረድ ነው። ስለዚህ እሱንም አብራችሁ ቀይሩ። የሪሊዝ ኩሽኔታውን፣ የፓይለት ኩሽኔታውንና የፍላይዊሉን ብሎኖች በአዲስ ተኩ። ከሞተሩ ጀርባ ዘይት የሚያግደውን ጎሚኒ ደግሞ በደንብ እዩት፤ ዘይት የነካው ሸራ አዲስም ቢሆን አይይዝም።

ከተገጠመ በኋላ ለ800 ኪሎ ሜትር ያህል ከተማ ውስጥ በእርጋታ ንዱት። ሸራውን የሚያለማምደው ማርሽ መቀያየሩ ነው፤ አውራ ጎዳና ላይ በአንድ ማርሽ የሄዳችሁት አይቆጠርም።