ባለመብራቱ አዲስ ኬዝ ወይስ ያገለገለው ብረት?

ባለፈው ወር ብቻ አራት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ፒሲ ልገጣጥም ነው፣ የትኛውን ኬዝ ልግዛ?» ኬዝ የኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ የሚገጠምበት ቅርፊት ነው። ስልካቸው ላይ የሚያሳዩኝም ፎቶ ያው ነው። ጎኑ መስታወት፣ ፊቱ ላይ ሦስት ባለቀለም ፋን፣ ውስጡ ደግሞ «500 ዋት» የሚል ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ለዕቃዎቹ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን፣ በነጻ። መልሴ ለአራቱም አንድ ነው። አትግዙት። ያገለገለ የብረት ኬዝ ግዙና የተረፈውን ብር ፓወር ሰፕላይ ላይ አውሉት።

እስቲ ብሩን እንቁጠረው። ባለመስታወቱን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ 9,500 ብለውኝ ተከራክሬ 8,800 አደረስኩት። መርካቶ 8,200 አገኘሁ፤ ግን ካርቶኑ ተከፍቷል፣ የብሎኑ ከረጢትም የለም። ያገለገለውን ምናለሽ ተራ 2,500 ጠርተው በ1,800 ሰጡኝ። ሁለት አዲስ ባለ 12 ሴንቲ ሜትር ፋን 1,200፣ የመኪና 300። ድምሩ 3,300 ነው። ከመርካቶው ጋር እንኳ ልዩነቱ 4,900 ብር ይሆናል። እዚህ ላይ ጥቂት ሺህ ጨምራችሁ ስሙ የታወቀ፣ ኃይል እንደማያባክን የሚመሰክረው የ80 ፕላስ ምልክት ያለው ፓወር ሰፕላይ ትገዛላችሁ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ቁጥሩ ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል። እናንተ ልዩነቱን ያዙ።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው ስለከፈልኩበት ነው። ለእህቴ ልጅ ፒሲ ስገጣጥም ባለመስታወቱን ከነፓወር ሰፕላዩ ገዛሁለት። በአራተኛው ወር አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጠጠር የተወረወረ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። ፓወር ሰፕላዩ ሲሞት ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋና ቦርድ፣ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ። የጠጋኙ ቤት ተቀምጠን ከፈትነው። በእጅ ሲይዙት ባዶ ቆርቆሮ ነው፣ ክብደት የለውም። መግቢያው ላይ መኖር የነበረበት፣ ከመስመሩ የሚገባውን ኃይል የሚያጣራው የሽቦ ጥቅል አልተገጠመም። ቦታው ቦርዱ ላይ ተስሏል፤ በጥቅሉ ፈንታ ሽቦ አገናኝተውበታል። ጠጋኙ ምንም አልገረመውም። ከጠረጴዛው ሥር እንደዚያው ዓይነት ሌላ ሰባት አወጣልኝ።

ስለዚህ ከነፓወር ሰፕላዩ የሚሸጥ ኬዝ ሲያሳዩአችሁ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ተዉት። ጎኑ ላይ ያለውን ወረቀት አንብቡ። +12V ከሚለው፣ ዋናውን ኃይል ከሚሰጠው መስመር፣ አጠገብ ያለውን አምፔር በ12 አባዙት። 14 አምፔር ካለ 168 ዋት ነው፤ 500 የሚለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ብዙዎቻችሁ ያገለገለ የምትገዙት አርኤክስ 580 የግራፊክስ ካርድ (ምስሉን የሚያወጣው) ብቻውን 185 ዋት ይፈልጋል። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው ደግሞ የድሮና የርካሽ አሠራር ምልክት ነው። እሱን በፍጹም አትንኩት። የእኛ መስመር 220 ነው፤ ወደ 115 ከዞረ ያኔውኑ ይፈነዳል።

መስታወቱም ሌላ ጣጣ አለው። በእሳት የጠነከረ ስለሆነ ፊቱን ብትመቱት ይችላል፤ ጠርዙ ግን ሴራሚክ ወለል ከነካ ሙሉው ይፈረካከሳል። የኮንዶሚኒየም ቤት ወለል ደግሞ ሴራሚክ ነው። አንድ ጓደኛዬ አልጋ ጥግ አስደግፎት ተንሸራተተበት። መለዋወጫ የለም። መስታወት ቤትም አይረዳችሁም፤ እንዲህ ያለ መስታወት አንዴ ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። አሁን ጎኑን በካርቶን ዘግቶ ነው የሚጠቀመው።

ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ከሆነማ አየር ከየት ይገባል? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ያው ፋን እዚህ ከኬዙ የሚያስወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ፊቱ የተበሳሳ ኬዝ እዚህ ቅንጦት አይደለም። አቧራውን በየወሩ በብሩሽ ታራግፋላችሁ፣ አለቀ።

አሁን ያገለገለው እንዴት ይመረጥ? ሜትርና ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱ። መካከለኛው ማዘርቦርድ 24.4 በ24.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ትልቁ ቁመቱ 30.5 ይደርሳል። የኋላው የፋን ቀዳዳ 12 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ 8 ከሆነ እለፉት፣ ሙቀቱን አይችለውም። ማዘርቦርዱ የሚታሰርባቸውን ትንንሽ እግሮች አንድ በአንድ አጥብቃችሁ ሞክሩ። ጥርሱ የተበላ ብሎን ዙሮ ዙሮ አይነክስም። ላሜራውን በአውራ ጣታችሁ ግፉት፤ ከገባ ቀጭን ነው፣ በኋላ ፋኑ ሲዞር ያርገበግበዋል። የማብሪያው ቁልፍ ቢበላሽ አትጨነቁ። ሁለት ሽቦ ለቅጽበት የሚያገናኝ ቁልፍ ብቻ ስለሆነ በርካሽ ይቀየራል። የሃርድ ዲስኩ መደርደሪያ የግራፊክስ ካርዱን ቦታ ከያዘባችሁም ሪቬቱን በትራፓኖ አስወጡት። ብየዳ ቤት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። የዴልና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተር ቅርፊት ጠንካራና ርካሽ ነው፣ ዓይን ይስባል። ነገር ግን ብዙዎቹ የተሠሩት ለራሳቸው ዕቃ ነው። የፊቱ ሽቦ መሰኪያ ሌላ ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። ኦፕቲፕሌክስ 9020ን ብትወስዱ የማዘርቦርዱ የኃይል መሰኪያ እንኳ የተለመደው ባለ 24 ሳይሆን ባለ 8 ፒን ነው። ሙሉ ማሽኑን ከነሆዱ ከገዛችሁ ጥሩ ነው፤ ባዶውን ግን ተዉት።

አዲሱ የሚሻልበት ጊዜ የለም አልልም። ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ካርድ ካላችሁ ወይም ትልቅ ማቀዝቀዣ የምትገጥሙ ከሆነ አሮጌው ይጠባችኋል። ያኔም ቢሆን ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ጎኑ ብረት የሆነ፣ ያለ ፓወር ሰፕላይ የሚሸጠውን ፈልጉ። ነጋዴው «ከነሙሉው ይሻልሃል» ይላል። እሺ አትበሉት።

የብረት ኬዝ የምትገዙ ሁሉ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ብዙ ቤት ሶኬቱ ኧርዝ፣ ማለትም ያፈተለከውን ኃይል ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ የለውም። እግራችሁ ባዶ ሆኖ ኬዙን ስትነኩ ቢነዝራችሁ ጥፋቱ የኬዙ ነው ብላችሁ አትመልሱት። ሦስት እግር ያለውን ገመድ በሁለት እግር መሰኪያ አትሰኩ፣ ዲቫይደሩንም ባለሦስቱን ግዙ፣ የቤቱን ኧርዝ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ አስለኩ። ለእህቴ ልጅ ሁለተኛውን ፒሲ ስሠራ መጀመሪያ ያደረግኩት ይህን ነው። በ1,800 ብሩ ኬዝ ገጠምኩለት፤ እስካሁን የከፈትኩት ለአቧራ ብቻ ነው።