ቤት ውስጥ ለሚታመም አዋቂ ማንን እንቅጠር? አዳሪ አስታማሚ፣ ተመላላሽ ነርስ ወይስ የቤት ለቤት ሕክምና ድርጅት

ስትሮክ መቷቸው ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው አባት ወይም ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ የዋሉ እናት ከባሕር ዳሮቹ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ወይም ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሲወጡ ቤተሰቡ በጥድፊያ ሰው ፍለጋ ይገባል። ደላላ ይጠራል፣ የሚያውቁት ነርስ ይደወልለታል፣ ከዚያ ወሬው ሁሉ ዋጋ ይሆናል። ከዋጋው በፊት ሥራውን ለዩት። መርፌ፣ ቱቦና ቁስል የባለሙያ ሥራ ነው። ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማብላትና ሌሊት መነሳት የጉልበትና የትዕግሥት ሥራ ነው። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው አንዱን ለማሠራት የተቀጠረ ሰው ሌላውንም እንዲሠራ ሲደረግ ነው።

አዳሪ አስታማሚ

ትልቁ ጥቅሟ ሌሊት መኖሯ ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎን ካልተቀየረለት ጅራት አጥንቱ፣ ዳሌውና ተረከዙ ላይ ቁስል ይጀምራል። ይህ በ24 ሰዓት 12 ጊዜ ማለት ነው፤ ለአንድ ሰዓት መጥቶ የሚሄድ ነርስ ሊሸፍነው አይችልም።

ከመቅጠራችሁ በፊት ፊታችሁ አንድ ጊዜ ታገላብጥ። የምታውቅ ሴት መጀመሪያ ለሕመምተኛው ትነግረዋለች፣ ከሷ የራቀውን እጁን ደረቱ ላይ ታደርጋለች፣ የራቀውን ጉልበቱን ታጥፋለች፣ ከዚያ ትከሻና ዳሌውን ይዛ ወደ ራሷ ታዞረዋለች። ከጀርባው የታጠፈ ጋቢ፣ በጉልበቶቹ መሃል ትራስ ትከታለች፤ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካም ከባቱ ሥር ትደግፋለች። ብብቱን ይዛ ወደ ላይ የምትጎትት ከሆነ አትቅጠሯት። ሲጎተት ቆዳው ከአንሶላው ጋር ተጣብቆ ይላጣል፣ በስትሮክ የደከመ ትከሻም ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

ቆዳውን በየቀኑ ማየት የሷ ሥራ ይሁን። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ከአካባቢው የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ካለ በእጅ ትፈትሽ። እንዲህ ያለ ቦታ አይታሽም፤ ሰውየው በዚያ ጎን አይተኛም።

ድክመቷ ብዙ ጊዜ የሚታየው በማብላት ላይ ነው። መዋጥ ለሚቸግረው የስትሮክ ሕመምተኛ ከቀጭን አጥሚት ይልቅ ወፍራሙ ይሻላል፤ ቀጭኑ ሳይታሰብ ወደ ሳንባ ይገባል። ሰውየው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ በትንሽ ማንኪያ ይጉረስ፣ ከበላም በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ አይተኛ። ሲውጥ የሚያስለው ወይም ድምፁ እንደ ውኃ የሚንቆረቆር ከሆነ ማብላቱን አቁማችሁ ሐኪም ጠይቁ።

ቤት ውስጥ ለቤተሰብ የሚሠራ ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይሸፍነውም። ስለዚህ ውሉን ራሳችሁ በጽሑፍ አድርጉት፤ ተያዥ፣ መታወቂያ፣ የእረፍት ቀን፣ የሌሊት ሥራ፣ እንዲሁም የማትነካቸው ነገሮች (መርፌና ቱቦ) ይጻፉ። በየ2 ሰዓቱ እየተነሣች ለወራት የምትዘልቅ ሰው የለችም፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው ካልተካት ድካሟ ሕመምተኛውን ይጎዳል።

ተመላላሽ ነርስ

የታደሰ የሙያ ፈቃዱን አይታችሁ ቁጥሩን ያዙ። ከወረቀቱ ይልቅ እጁን ግን አስተውሉ፤ ጓንት ከማጥለቁ በፊት ይታጠባል? ከአንድ ቁስል ወደ ሌላ ሲሄድ ጓንት ይቀይራል? ያገለገለ መርፌ ወፍራም ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ከቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይመልሳል ወይስ ጓሮ ይጥላል? የሽንት ቱቦ ካለ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ በታች፣ ግን መሬት ሳይነካ ይንጠልጠል፤ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ይፍሰስ፤ ቱቦው ከከረጢቱ ያለ ምክንያት አይነቀል።

ኢንሱሊን ላይ የሚደጋገመው ስሕተት መርፌው ተወግቶ ምግቡ መዘግየቱ ነው። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ እናትና አባት ካሉ መጠኑንና ሰዓቱን ሐኪሙ አስቀድሞ ይወስንላቸው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም መደናገር ሲያዩ የደም ስኳራቸው ይለካ፤ ከ70 mg/dL በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ይሰጥ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ፣ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ስኳሩ ይደገም። መዋጥ ካልቻሉ አፋቸው ውስጥ ምንም አይጨመር፣ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ወደ ዓባይ በረሃ ባለው ቆላ፣ ፍሪጅ በሌለበት ቤት፣ ኢንሱሊኑ ውኃ በሚያልበው የሸክላ ዕቃ ውስጥ ቀዝቀዝ ብሎ ይቀመጥ።

ሆስፒታል ተረኛ የሆነ ነርስ በተረኛነቱ ቀን ላይመጣ ይችላል። ተተኪው ማን እንደሆነ በስምና በስልክ ተቀበሉ።

የቤት ለቤት ሕክምና ድርጅት

የምትከፍሉት ለተተኪ፣ ለኃላፊና ለመሣሪያ ነው። ሦስቱ ከሌሉ ተመላላሽ ነርስ በውድ ዋጋ መቅጠር ነው። ሌሊት ስልክ የሚያነሣው ማን ነው? ጓንት፣ ፋሻ፣ የአዋቂ ዳይፐርና ትራንስፖርት በክፍያው ውስጥ ናቸው? መንገድ በሚዘጋ ቀን ምን ይሆናል? መልሱ በውሉ ላይ ይስፈር።

ኦክስጅን ቤት የሚገባ ከሆነ ድርጅቱ ክፍሉን አይቶ ያዘጋጅ። የቡና ከሰል፣ ዕጣንና ጧፍ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቁ፣ ቢቻል ከክፍሉ ይውጡ፤ ፊቱና አፍንጫው ላይ ቅቤና ቫዝሊን አይቀባ። የኦክስጅን ማሽን መብራት ሲጠፋ ይቆማልና ሙሉ ሲሊንደር ተጠባባቂ ይቀመጥ። ኦክስጅን ባይኖርም ሕመምተኛ በተኛበት ዝግ ክፍል ከሰል አይደር፤ የሚያወጣው ጋዝ ሳይሸት ይገድላል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለምክርና ወደ ጤና ጣቢያ ለመላክ ትረዳለች፤ የአልጋ ቁራኛን በየቀኑ የማስታመም ሥራ ግን የሷ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም ውል በያዘባቸው ተቋማት ለሚሰጥ ሕክምና እንጂ በግል ለተቀጠረ አስታማሚ አይከፍልም።

የኛ ምርጫ

ሁኔታቸው ለተረጋጋ፣ ማገላበጥና ማብላት ለሚፈልጉ፣ ደብረ ማርቆስም ይሁን ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ፣ አዳሪ አስታማሚና በሳምንት ሁለት ጊዜ ተመላላሽ ነርስ ከድርጅት ይበልጣሉ። ኦክስጅን፣ የአንገት መተንፈሻ ቱቦ ወይም ጥልቅ ቁስል ላለባቸው ድርጅት ይመረጣል፤ ድርጅቱ በማይደርስበት ሰፈር ከሆናችሁ ከሆስፒታል ለመውጣት አትቸኩሉ። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ራቅ ባለ ገጠር ላላችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት የዋርድ ነርሷ ፊት ሁለት የቤተሰብ ሰዎች ማገላበጡንና ማብላቱን በእጃቸው ሠርተው ያሳዩ። አንድ ሰው ብቻ ከተማረ እሱ ገበያ በወጣ ቀን የሚያውቅ አይኖርም።

ማንንም ብትቀጥሩ የመጀመሪያውን ሳምንት ለሙከራ ያዙ። በየቀኑ የተገላበጠበት ሰዓት፣ የበላው፣ የሽንቱ መጠንና የተሰጠው መድኃኒት ደብተር ላይ ይጻፍ፤ በሰባተኛው ቀን ተረከዙንና ጅራት አጥንቱን ራሳችሁ ተመልከቱ። አዲስ ቁስል ካለ ወይም ደብተሩ በየቀኑ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ተቀምጦ የተሞላ ከመሰለ ሰው ቀይሩ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረው፣ ከተደናገረ ወይም አዲስ የሰውነት ክፍል ከደከመ አስታማሚዋን ሳትጠብቁ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።