የ640 ዶላሯ እና የ999 ዶላሯ ታጣፊ ሳይክል

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ወጥቼ ጫማዬን ሳጠልቅ አንድ ወዳጄ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ያቺ የምትታጠፈዋ ባለ ወፍራም ጎማ የኤሌክትሪክ ሳይክልህ እንዴት ናት? ልጄ ኢንተርኔት ላይ በ600 ምናምን አግኝቶልኛል» አለኝ። በዚህ ወር የጠየቀኝ አራተኛ ሰው ነው። ለሦስቱ ቆሜም፣ በስልክም፣ በቴሌግራም ድምፅም አስረድቻለሁ። ለአራተኛው ጉልበት አጣሁ። ስለዚህ እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ከእንግዲህ የሚጠይቀኝን ሁሉ ወደዚህ ነው የምልከው።

ሁለቱንም ይዤ አይቻለሁ። የመጀመሪያዋን በ640 ዶላር ገዛኋት፤ ስሟን አልጠራም፤ ብጠራላችሁም አይጠቅማችሁም፤ ያችኑ ሳይክል፣ ያንኑ ፎቶ፣ በአራት የተለያየ ስም ስትሸጥ አይቻለሁ። ሁለተኛዋ አሁን የምነዳት፣ ሌክትሪክ የሚባለው ኩባንያ ኤክስፒ ብሎ የሚጠራት ናት፤ በ999 ዶላር ገዛኋት። ልቤ ወደ ሁለተኛዋ እንዳደላ አልደብቅም። ሌላው ወሬ «ለምን» የሚለው ነው።

መቼም መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። 999 ሲባል 999 አይደለም። እዚህ ሜሪላንድ 6 በመቶ ታክስ ሲገባበት 1,058 ዶላር ከ94 ሳንቲም ትሆናለች። በዚህ ላይ ደህና የብረት ቁልፍ እና ሄልሜት አለ። 1,150 ዶላር ያልያዘ ሰው «ባለ 999ኟን ልገዛ ነው» ባይል ይሻለዋል።

የርካሿን ሒሳብ ደግሞ ስሙኝ። ደረሰኝ የማስቀምጥ ሰው ነኝ፣ ሚስቴ የምትስቅብኝ በዚህ ነው። ሳይክሏ 640። አብሮ ይመጣል የተባለው የዕቃ መጫኛ ስላልመጣ 45። የኋላ ካላማዳሪያ 28። የኋላ ጎማዋ ራጂ በሦስተኛው ወር ሦስቱ ተበጥሶ፣ እንደገና አስወጥሬ 90። ከአንድ ቀን ዝናብ በኋላ ኮንትሮለሯ (ሞተሩን የሚቆጣጠረው ዕቃ) ሞቶ 65፤ ያን ቀን በዝናብ ከነሳይክሌ ትልቅ መኪና ጠርቼ ቤት ለመግባት 31። ድምሩ 899 ዶላር። ከ999 ጋር ያለው ልዩነት 100 ዶላር ነው ማለት ነው፤ በሰባተኛው ወር ላይ ሳይክሏ ቆማለች። ባትሪዋን ነቅዬ የቀረውን በ70 ዶላር ሸጥኳት፤ የገዛኝ ልጅ ኮርቻዋን ብቻ እንደፈለጋት ቆይቶ ነገረኝ።

ለሻጩ አልጻፍክም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጽፌያለሁ። መልሱ ሁልጊዜ «ቪዲዮ ላክ» ነው። ቪዲዮውን ስልክላቸው «ከሌላ አቅጣጫ ላክ»። ሦስተኛው ላይ «15 ዶላር እንመልስልህና ሳይክሉን አንተ ያዘው» አሉኝ።

ሊያስጠግናት የሄደ ሰው የሚገጥመው ደግሞ ሌላ ነው። ሦስት የሳይክል ሱቅ ገፍቼ ሄጃለሁ። አንዱ «እንዲህ ዓይነት አንነካም» ብሎ በሩ ላይ መለሰኝ። ሌላው ፍሬኗን አስተካክላለሁ፣ ኤሌክትሪኩን ግን አልነካም አለ። ሦስተኛው ራጂውን ሠራልኝ፤ እሱም ባትሪዋን መጀመሪያ ነቅዬ ወደ ውጭ እንዳወጣ አድርጎ ነው። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን ገባኝ፤ ምን እንዳለበት የማያውቀውን ባትሪ ሱቁ ውስጥ አሳድሮ ሱቁ ቢቃጠል ኢንሹራንሱ ምን ይለዋል?

አሁን ስለ ጎማው። ብዙ ሰው የሚማረከው በ4 ኢንቹ ነው፤ ሞተር ሳይክል ያስመስላታል። ወፍራም ጎማ መጀመሪያ የተፈለገው ለአላስካ በረዶ እና ለአሸዋ ነበር። እኛ የምንነዳው ግን ዋሽንግተን ዲሲ፣ 16ኛው ጎዳና ላይ ነው። የርካሿ ጎማ 20 በ4 ነበር፣ የኤክስፒዋ 20 በ3። ጉድጓድ ላይ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ልዩነቱን ሳይበሳ አታውቁትም።

ታኮማ በሚባለው የዲሲና የሜሪላንድ ድንበር ሰፈር አካባቢ፣ የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ በሚሄደው የሳይክል መንገድ ላይ፣ አንድ ማታ የርካሿ የኋላ ጎማ ተበሳ። የፊት ቢሆን አሥር ደቂቃ ነው። የኋላው ውስጥ ግን ሞተሩ አለ። መጀመሪያ የሞተሩን ገመድ ከፍሬሙ ጋር ያሰሩበትን የፕላስቲክ ማሰሪያ ትቆርጣላችሁ፤ ከዚያ ሶኬቱን በቀጥታ፣ ሳታጣምሙ ትስባላችሁ፤ ካጣመማችሁት ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ፒኖች ይታጠፋሉ። ቀጥሎ በ18 ቁጥር መፍቻ ሁለቱን ዳዶ ትፈታላችሁ። መፍቻው ቤት ከሆነ እግዚአብሔር ይርዳችሁ፤ የእኔ ቤት ነበር። ዳዶው ሲፈታ የምትወጣዋን ባለ ጥርስ ቀለበት ደግሞ የትኛው ጎን እንደነበረች ያልያዘ ሰው መልሶ ሲገጥም አክስሉ ይዞርና ገመዱን ይበጥሰዋል። እኔ ይህን ሁሉ በማግስቱ፣ በቀን፣ ስልኬን ተክዬ ቪዲዮ እያየሁ ነው የሠራሁት። ማታውን እየገፋኋት ሲልቨር ስፕሪንግ ገባሁ።

ካላማዳሪያው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ሱቁ 26 በ4 አለው፣ 20 በ2 አለው፣ 20 በ4 ግን «በትዕዛዝ» ነው፤ አምስት ቀን። ለነገሩ 20 በ3ም በየሱቁ ተትረፍርፎ አታገኙትም። ኩባንያው ግን ይልካል፤ ሁለት ገዝቼ አልጋ ሥር አስቀምጫለሁ። አገር ቤት ቢሆን አንዱ ጎሚስታ በጣሳ ውኃ ውስጥ አረፋውን አይቶ በአምስት ደቂቃ ይለጥፈው ነበር። እዚህ ለጎማ 28፣ ለእጅ 40 ሲሉኝ ነው መለጠፍ የተማርኩት።

ለምርጫ የሚጠቅመኝን ነገር አንድ ብቻ ጥራ ብትሉኝ ግን ዋጋም ጎማም አልልም፤ ማጠፊያው ነው። የርካሿ ወገብ ላይ ያለው ማጠፊያ በሁለተኛው ወር ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። መያዣውን ሳጠብቀው ይሻለዋል፣ በሳምንቱ ይመለሳል። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ከኮካ ጣሳ ቁራጭ ቆርጬ ሸጎጥኩበት፤ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ አንድ ጠዋት 16ኛው ጎዳና ላይ፣ ከኮሎምቢያ ሃይትስ ወደ ዩ ስትሪት በሚወርደው ቁልቁለት፣ መሪው ወደ ግራ ሲል የኋላው ወደ ቀኝ ሲል ተሰማኝ። ፍሬን ይዤ ቆምኩና ዝቅ ብዬ ሳይ የጣሳው ቁራጭ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ታጣፊ ሳይክል ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወገቧ ላይ ነው። ስትገዙ የፊቱን ፍሬን ጨብጣችሁ ሳይክሏን ወደፊትና ወደኋላ ነቅነቅ አድርጓት፤ ጣታችሁን ማጠፊያው መጋጠሚያ ላይ አሳርፉ። የሚንቀሳቀስ ነገር ከተሰማችሁ በነፃም ቢሰጧችሁ ተዉት። የኤክስፒዋ ከዓመት ከአራት ወር በኋላ አንዴ ብቻ ነው ያጠበቅኳት።

ባትሪ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ኒውዮርክ ከተማ በ2023 ብቻ የሊቲየም ባትሪ እሳት 18 ሰው ገድሏል። በዚያው ዓመት ከመስከረም ጀምሮ ከተማው ዩኤል 2849 የሚባለውን የደህንነት ምርመራ ያላለፈ የኤሌክትሪክ ሳይክል እንዳይሸጥ ከለከለ። እኛ ኒውዮርክ አይደለንም፤ ባትሪ የምንሰካው ግን ልክ እንደነሱ አፓርታማ ውስጥ፣ ልጆች በተኙበት ነው። ኤክስፒዋ ይህን ምርመራ አልፋለች። የርካሿ ማስታወቂያ ላይም «ዩኤል» የሚል ቃል ነበረበት፤ እሱን አይቼ ነው የገዛሁት። ሳይክሏ ስትመጣ ምልክቱ ያለው ቻርጀሩ ላይ ብቻ ነው። ባትሪው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የአምራቹን ስም እንኳ አይናገርም። «የዩኤልን ደረጃ የጠበቀ» ማለት እና ተመርምሮ አለፈ ማለት አንድ አይደለም፤ ሻጮቹ ይህን ያውቃሉ፣ እናንተም እወቁት። ቁጥሩን ጠይቁ፦ 2849 ለሙሉ ሳይክሉ ነው፣ 2271 ለባትሪው ብቻ።

ማስታወቂያ ላይ «1500 ዋት» የሚለውንም እለፉት። በአሜሪካው ፌዴራል ሕግ ትርጓሜ ሳይክል ተብላ የምትቆጠረው ሞተሯ ከ750 ዋት በታች የሆነች፣ በሞተር ብቻ ደግሞ ከ20 ማይል በሰዓት የማትበልጥ ናት። የእኔዋ ርካሽ 1500 ተብላ ዳገት ላይ ትንፋሿ ሲያጥር የኤክስፒዋ 500 ዋት ግን 13ኛው ጎዳና ላይ ከዩ ስትሪት ወደ ክሊፍተን ያለውን ዳገት እኔንና 15 ኪሎ ዕቃ ይዛ ትወጣለች፤ ፔዳል እየረገጥኩ ነው እንግዲህ። ቁጭ ብዬ ሞተሩን ብቻ ብሰጣት እሷም ታለቅሳለች።

ርቀትን በሚመለከት ማስታወቂያ የሚለውን ለሁለት ክፈሉት። የእኔ መንገድ ደርሶ መልስ 14 ማይል ገደማ ነው፤ መሄጃው ቁልቁለት፣ መመለሻው ዳገት። በበጋ ቤት ስደርስ ባትሪው ከሲሶ በላይ ይቀረዋል፣ በጥር ብርድ ግን ከሩብ ያነሰ ነው። ዴሊቨሪ ለምትሠሩ ትንሹ ባትሪ አይበቃም፤ ትልቁን ግዙ፣ ከ999 በላይ ቢወስድባችሁም። በቀን ሁለቴ ቤት እየተመለሱ መሰካት ከገቢ ላይ ነው የሚቆረጠው።

አሁን የኤክስፒዋን ነውር ልናገር፣ ደላላ እንዳትሉኝ። 64 ፓውንድ ትመዝናለች፤ 29 ኪሎ ነው። ሩብ ኩንታል ጤፍ ላይ አራት ኪሎ ጨምሩበት፣ ከዚያ እጀታ የሌለው፣ ካቴናው ሱሪ የሚያቀባ፣ ሲሸከሙት የሚወዛወዝ አድርጉት። «ታጣፊ» ሲባል ብዙ ሰው እንደ ጃንጥላ በብብት የምትያዝ ይመስለዋል። አይደለችም። መታጠፏ የሚጠቅመው ለሦስት ነገር ነው፦ መኪና ውስጥ ለማስገባት (የእኔ ኮሮላ የኋላ ዕቃ መጫኛ አልቀበላትም አለ፣ የጎረቤቴ ራቭ ፎር ግን ዋጣት)፣ ሥራ ቦታ ጥግ ለማስቆም፣ እና ሌባ እንዳያያት። እኔ የምኖረው ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ተሸከምኳት። ከዚያ ምድር ቤት የሳይክል ማስቀመጫ ጠይቄ አስፈቀድኩ፤ አሁን የምሸከመው ባትሪዋን ብቻ ነው።

ስለዚህ ደረጃ የምትወጡ፣ ማስቀመጫም የሌላችሁ ከሆናችሁ ይህችን አትግዙ፤ የማይታጠፉ፣ ጎማቸው ቀጭን የሆነ፣ 40 ፓውንድ ገደማ የሚመዝኑ የኤሌክትሪክ ሳይክሎች አሉ፤ ዋጋቸው ከዚህች ብዙም አይርቅም። እጥፍ አድርጎ በእጅ የሚያዝ ነገር የሚፈልግ ደግሞ ብሮምፕተን የሚባለው ኩባንያ ታጣፊ ኤሌክትሪክ አለ፤ ቀለል ያለው ከ40 ፓውንድ በታች ነው፣ ዋጋውም ከ3,000 ዶላር በላይ። እሱን ገዝቶ ውጭ የሚያስር ሰው ካለ አሳዩኝ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ሁለት ሰው ስለጠየቀኝ። «ክረምት ስሄድ አዲስ አበባ ልውሰዳት?» ሳይክሏን ምናልባት፤ ባትሪውን ግን በፍጹም። በመንገደኛ አውሮፕላን ይዛችሁ የምትገቡት የሊቲየም ባትሪ ጣሪያው፣ አየር መንገዱ ከፈቀደም፣ 160 ዋት ሰዓት ነው። የኤክስፒዋ 48 ቮልት በ10.4 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 499 ይመጣል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ። ፍሬሙን በሻንጣ፣ ባትሪውን «በሰው» ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ያ ሰው እኔ አይደለሁም።

ወዳጄ ማታ የልጁን ማስታወቂያ በቴሌግራም ላከልኝ። ያው የማውቀው ፎቶ ነው፣ ስሙ አምስተኛ። ቅዳሜ ከሰዓት ና፣ የእኔን ሞክር አልኩት። ከመንዳቱ በፊት ግን አጥፎ አንድ ፎቅ ተሸክሟት ይወጣል፤ ስለ ዋጋ የምናወራው ከዚያ ነው።