የገንዳን ሲያኑሪክ አሲድ ለመቀነስ፦ ኢንዛይም ይሻላል ወይስ ውሃ መቀየር?

በጅማ ሆቴሎችና እንግዳ ማረፊያዎች የመዋኛ ገንዳ የሚንከባከቡ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ መለኪያው ክሎሪን 3 እያሳየ ውሃው ለምን አረንጓዴ ይሆናል? ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ታብሌቱ ነው። ትራይክሎር የሚባለው ታብሌት ክሎሪኑን ሲለቅ ሲያኑሪክ አሲድ ይተዋል፤ ይህ አሲድ በልኩ ሲሆን ክሎሪኑን ከፀሐይ ይጠብቃል፣ ሲበዛ ግን አስሮ ሥራ ያስፈታዋል። በትነት አይሄድም፣ የአሸዋ ማጣሪያም አይይዘውም። ታብሌቱ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ክሎሪን በሰጠ ቁጥር 6 ሚሊ ግራም ያህል አሲድ ስለሚጨምር፣ በቀን 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን የሚበላ ገንዳ ከዜሮ ተነስቶ በሦስት ወር ከ100 ያልፋል። የሚመከረው ከ30 እስከ 50 ነው።

ለዚህ ችግር ሁለት መፍትሔዎች ይቀርባሉ፤ በባክቴሪያ ኢንዛይም አሲዱን መስበር ወይም ውሃውን መቀየር። ጣራ በሌለው የጅማ ገንዳ ላይ እኔ ያለማመንታት ውሃ መቀየርን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም በዋናነት ዋጋ ነው።

ኢንዛይሙ በራሱ ተረት አይደለም። ሲያኑሪክ አሲድ ሃይድሮሌዝ ይባላል፤ የሞለኪውሉን ቀለበት ከፍቶ ወደ ባዩሬትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሎረንስ ዋኬት ቡድን ለረጅም ጊዜ አጥንቶታል። ችግሩ የሚጀምረው ገንዳው ዳር ስንደርስ ነው። ክሎሪን ኢንዛይሙን ራሱን ስለሚያበላሸው አስቀድሞ ክሎሪኑን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህም ገንዳው ለእንግዳ ዝግ ሆኖ የሚቆይባቸው ቀናት አሉ ማለት ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝም ሥራው ይዘገያል፤ ማሞቂያ የሌለው የጅማ ገንዳ በክረምት ጠዋት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ እግሩን የነከረ ያውቀዋል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ስሙን ይዞ የሚሸጠው ሌላ ዕቃ ነው። አንድ የማውቀው ማረፊያ "የገንዳ ኢንዛይም" የሚል ፈሳሽ በውድ ገዝቶ ሙሉውን ጀሪካን አፈሰሰ፤ አሲዱ ግን ንቅንቅ አላለም። ፈሳሹ የሰውነት ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ክሬም የሚበላ ነበር። እንዲህ ያለው ምርት ለራሱ ሥራ ጥሩ ነው፤ ሲያኑሪክ አሲድን ግን አይነካም። ስለዚህ መለያው ላይ የአሲዱ ስም በግልጽ ካልተጻፈ ገንዘብዎን አያውጡ።

የኢንዛይሙን ዋጋ በብር ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ከሳምንት ሳምንት አይጸናም። ስሌቱ ግን አይለወጥም። 100 ሜትር ኩብ ገንዳ ከ120 ወደ 40 እንዲወርድ ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 67 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይለወጣል። ይህንን በውሃ ሂሳብዎ ከፍተኛ እርከን ታሪፍ አባዝተው ከኢንዛይሙ ዋጋ ጋር ያስተያዩት። ታብሌቱ ከቀጠለ ደግሞ አሲዱ በወራት ውስጥ ስለሚመለስ ኢንዛይሙ በየጊዜው የሚከፈል ወጪ ይሆናል።

በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ ማፍሰስ ግን፣ በተለይ መሬቱ ውሃ በጠገበበት ወቅት፣ ገንዳውን ከሥር አንስቶ ሊሰነጥቀው ይችላል። አንድ ሦስተኛውን ሦስት ጊዜ መቀየር ከ120 ወደ 36 ያወርዳል፤ 67 የነበረው ውሃ 100 ሜትር ኩብ ይሆናል እንጂ። እኔ ይህንን ጭማሪ ከፍዬ እፎይ ማለትን እመርጣለሁ፤ ጅማ ላይ ደግሞ ጭማሪውን ሰማይ ይከፍልልናል። በከተማዋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ ይህም አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ለሆነ ገንዳ የራሱን ሙሉ ይዘት ያህል ነው። ከባድ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ አሲዱን በ13 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሳይቀንሱ ከጠበቁ ግን የሚጥለው ውሃ ከላይ ከላይ ሞልቶ ይፈሳል። የሚለቀቀው ውሃ ወደ አዌቱ ወንዝ ከመድረሱ በፊት ክሎሪኑ ዜሮ መሆን አለበት።

ወጪ ከማውጣት በፊት ይለኩ። በቀለም ከሚነበበው ወረቀት ይልቅ የጥቁር ነጥቡን ቱቦ እመርጣለሁ፤ ውሃው ከመመርመሪያው ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል ወተት ይመስላል፣ ቀስ እያሉ ሲጨምሩት ከሥር ያለው ነጥብ የሚጠፋበት መስመር ልኩ ነው። ንባቡ 100 ላይ ከቆመ ናሙናውን በቧንቧ ውሃ እኩል ለእኩል ቀጥነው ውጤቱን በሁለት ያባዙት።

ከዚያ በኋላ ታብሌቱን ኤች.ቲ.ኤች. በሚባለው ክሎሪን (ካልሲየም ሃይፖክሎራይት) መተካት ነው፤ ሲያኑሪክ አሲድ አይጨምርም። የክሎሪን ጥንካሬው ከ65 እስከ 70 በመቶ ሲሆን የታብሌቱ 90 ነው፤ ስለዚህ የኪሎ ዋጋው ከታብሌቱ 72 በመቶ በታች ከሆነ ደካማው ኤች.ቲ.ኤች. እንኳን በቀጥታ ርካሽ ነው። ከዚያ ቢበልጥም ለውሃ ቅየራ የሚወጣውን ይቆጥባል። የውሃውን አሲድነት ቀንሶ ፒኤች ከፍ ስለሚያደርግ ትንሽ ፒኤች ማውረጃ አሲድ ይጠይቃል፤ በጅማ እርጥበትም ይረጋል፣ ኃይሉም ይደክማል፤ ስለሆነም በኪሎ ተመዝኖ በፌስታል የሚሸጠውን ትተው የታሸገ በርሜል ይግዙ። በባልዲ ውሃ በጥብጠው፣ ነጩን ዝቃጭ አስቀርተው፣ ንጹሑን ያፍስሱ። ከታብሌት ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገናኝ፤ እሳት ያስነሳል።

ኢንዛይም የሚያዋጣው ገንዳው በቤት ውስጥ ያለና የሚሞቅ፣ ውሃውም በቦቴ የሚገዛ ከሆነ ነው። ያን ጊዜም የመጠቀሚያ ጊዜው ማብቂያ እሽጉ ላይ የታተመበትን ይጠይቁ፤ ተለጣፊ ወረቀት ብቻ ካለበት ይተዉት።